ስሙን ከገበያ ያወጣ ሰው፤ የሮበርት ቦሽ የሕይወት ታሪክ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረው ስለ ጀግናና ስለ ለጋስ ሰው ነው። በፋብሪካ ዘመን ግን ስም ከመቃብር በላይ መዋሉ ብቻ ሳይሆን በገበያ ላይም መዋሉ የተለመደ ነገር ሆኗል። አንድ ሰው በላቡና በጥበቡ መሣሪያ ሠርቶ ስሙን ይጽፍበታል፤ መሣሪያው መልካም ሆኖ ሲገኝ ስሙ ይታመናል፤ ከዚያም በኋላ ስሙ ከፋብሪካው ጋር፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ ፋብሪካው፥ ከአንዱ ባለሀብት ወደ ሌላው ይሸጣል። አናጢው መብሻውን ወይም መጋዙን ሲገዛ የሚያየው ስሙን ነው። ስሙን ዛሬ የያዘው ማን እንደ ሆነ ግን በዕቃው ላይ ጎልቶ አይጻፍለትም።

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሮበርት ቦሽ ይህ ነገር በራሱ ላይ ሲደርስ ያየ ሰው ነው። ገና በሕይወት ሳለ ስሙ በሩቅ አገር በሐራጅ ተሸጠ፤ ሌሎች ሰዎችም በእርሱ ስም ሲነግዱ ተመለከተ። ስለዚህ ከመሞቱ በፊት ስሙና ፋብሪካው ወደ ሐራጅ እንዳይወጡ አስቦ ኑዛዜውን አሰናዳ። አናጢውም፥ መካኒኩም፥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ቦሽ የሚለውን ስም ያውቀዋል፤ የሰውየውን ሕይወት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

የእንግዳ ማረፊያው ልጅ

ሮበርት ቦሽ በደቡብ ጀርመን፥ በኡልም ከተማ አጠገብ በምትገኘው በአልቤክ መንደር፥ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1861 ዓ.ም. ተወለደ። ለወላጆቹ ከ12 ልጆች 11ኛው ነበር። አባቱ ሰርቫትዩስ ቦሽ እርሻና የእንግዳ ማረፊያ የነበረው፥ ከመንደሩ ገበሬዎች ይልቅ በንባብ የበሰለ ሰው ስለ ነበር፥ ልጆቹ ትምህርት እንዲያገኙ አጥብቆ ይጥር ነበር። በ1869 ዓ.ም. ንብረቱን ሸጦ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኡልም ሄደ፤ ሮበርትም በዚያው ትምህርት ቤት ገባ።

ልጁ የሚወደው ዕፀዋትንና እንስሳትን መመርመር ነበር። ነገር ግን በአባቱ ምክር በ1876 ዓ.ም. ከአንድ ረቂቅ መሣሪያ ሠሪ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ። ሦስት ዓመት የቈየበት ይህ ጊዜ ደስ አላሰኘውም፤ ጌታው ከሥራ ቤቱ የሚጠፋበት ጊዜ ይበዛ ስለ ነበር ለተማሪው የሚሰጠው ትምህርት እጅግ አነስተኛ ነበር። ይህ ትዝታ ከልቡ ስላልጠፋ፥ ባለጸጋ ከሆነ በኋላ በ1913 ዓ.ም. በፋብሪካው ውስጥ ለወጣት ተለማማጆች ብቻ የሚሆን የሥራ መማሪያ ክፍል አቋቋመ።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ሰባት ዓመት ያህል ከአንዱ የሥራ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ እጁን አፍታታ። በ1884 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካ በመሄድ በኒው ዮርክ በኤዲሰን ፋብሪካ ተቀጠረ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በሲመንስ ወንድማማቾች ኩባንያ ሠራ። በእነዚህ አገሮች ያየው ነገር ሁለት ትምህርት ሰጠው። አንደኛው ኤሌክትሪክ የመጪው ዘመን ኀይል መሆኑን፥ ሁለተኛውም ሠራተኛ በደመወዙና በሥራ ሰዓቱ ምን ያህል እንደሚጐዳ ነው።

ሦስት ሰዎች በአንድ የሥራ ቤት

ኖቬምበር 15 ቀን 1886 ዓ.ም. በሽቱትጋርት ከተማ ከአባቱ በወረሰው 10,000 ማርክ አንዲት ትንሽ የሥራ ቤት ከፈተ። አብረውት የነበሩት አንድ ሠራተኛና አንድ ተላላኪ ልጅ ብቻ ነበሩ። የሚሠሩትም የቴሌፎን መስመር መዘርጋት፥ የኤሌክትሪክ ደወል ማበጀትና የመጣላቸውን ረቂቅ መሣሪያ ሁሉ መጠገን ነበር። ቦሽ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ የሚመላለሰው በብስክሌት ሲሆን፥ ሥራ እየጠፋ ሠራተኞቹን የሚያሰናብትበት፥ ገንዘብ ለመበደር የዘመዶቹን ዋስትና የሚለምንበት ጊዜም ብዙ ነበር።

ከችግር ያወጣው ማግኔቶ የተባለው መሣሪያ ነው። የቤንዚን ሞተር እንዲነሣ በውስጡ ያለውን ጋዝ የሚያቀጣጥል የእሳት ብልጭታ ያስፈልገዋል። ማግኔቶ ማለት በጠንካራ ማግኔቶች መካከል የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበትን ብረት በማንቀሳቀስ ያለ ባትሪ ይህን ብልጭታ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። በ1887 ዓ.ም. አንድ ደንበኛ በዶይትስ ፋብሪካ የሚሠራውን የሚመስል ማግኔቶ እንዲሠራለት ጠየቀው። ቦሽም ዕቃው በፓተንት የተጠበቀ አለመሆኑን አስቀድሞ ካረጋገጠ በኋላ አሻሽሎ ሠራው። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ማግኔቶ በፍጥነት ለሚዞረው ለሦስት እግሩ የዴ ዲዮን ሞተር እንዲስማማ ተደረገ። በመጨረሻም በ1902 ዓ.ም. ከልጅነቱ ጀምሮ በቦሽ ዘንድ ሥራ የተማረው መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ኀይል የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አዋሕዶ አቀረበ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አውቶሞቢል ሠሪ ሁሉ የቦሽን በር ማንኳኳት ጀመረ።

በ1906 ዓ.ም. 100,000ኛው ማግኔቶ ከፋብሪካው ወጣ። በዚያው ዓመት ቦሽ የሠራተኞቹን የቀን ሥራ ወደ 8 ሰዓት ዝቅ አደረገ፤ ይህም በጊዜው ለጀርመን ፋብሪካዎች እንግዳ ነገር ስለ ነበር ባልንጀሮቹ ባለፋብሪካዎች ቀዩ ቦሽ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። እርሱ ግን ይህን ያደረገው ስለ ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ሥራው በሁለት ፈረቃ ሲከፈል ውድ የሆነው መኪና ሥራ አይፈታም፤ ያልደከመ ሠራተኛም የሚያበላሸው ዕቃ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ቆጣቢነቱ የታወቀ ነበር፤ በቢሮ ወለል ላይ የወደቀች የወረቀት መያዣ ሽቦ ሲያገኝ አንሥቶ፥ የጣላትን ሰው የማን ገንዘብ እንደ ሆነች ይጠይቅ እንደ ነበር ይነገርለታል።

ከሁሉ በላይ የሚሳሳለት ነገር ግን ስሙ ነበር። ከፋብሪካው የወጣው ዕቃ ተመርምሮ ጉድለት ተገኘበት የሚል ወሬ መስማት ለእርሱ እንደ ሕመም ነበር። ገንዘብ ከጠፋ ተመልሶ ይገኛል፥ የሰው እምነት ከጠፋ ግን ለመመለስ ይቸግራል የሚል አቋም ስለ ነበረው፥ በዚህ ነገር ከማንም ጋር አይደራደርም ነበር።

ስሙ በሐራጅ ተሸጠ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ከመነሣቱ በፊት የቦሽ ንግድ ከጀርመን ወሰን አልፎ ዓለምን አዳርሶ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ከሽያጩ 88 ከመቶ የሚሆነው ከጀርመን ውጭ የሚገኝ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ገበያ አሜሪካ ሲሆን፥ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የራሱን ፋብሪካ አሠርቶ ነበር።

በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ የጠላት አገር ሰዎች ንብረት በመንግሥት ባለአደራ እጅ እንዲገባ ታዘዘ። በ1918 ዓ.ም. የስፕሪንግፊልዱ ፋብሪካ ተወረሰና በዚያው ዓመት ለአሜሪካውያን በሐራጅ ተሸጠ። የተሸጠው ሕንጻውና መኪናው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንደ ማንኛውም የጦርነት ኪሳራ በታየ ነበር። ነገር ግን ፓተንቱና ቦሽ የሚለው የንግድ ስም አብሮ ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶችም ኩባንያውን አሜሪካን ቦሽ ማግኔቶ ኮርፖሬሽን ብለው ጠሩት።

ጦርነቱ አልቆ ቦሽ በ1921 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ገበያ ለመመለስ ሌላ ኩባንያ ሲያቋቁም በዚያ አገር ሁለት ቦሾች ሆኑ። አንደኛው ስሙን ከእናቱና ከአባቱ ያገኘው ሰው ኩባንያ፥ ሁለተኛው ደግሞ ስሙን ከሐራጅ የገዛው ነው። ክርክሩና ውድድሩ ዓመታት ፈጀ። በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሥራቸውን ቢያገናኙም፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በ1942 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን ዳግመኛ በእጁ አደረገ።

በዚህ ሁሉ መካከል የተጐዳው ባለስሙ ብቻ አልነበረም። መኪናውን ለመጠገን ወደ ሱቅ የሄደው ሰው ቦሽ የተባለ ዕቃ ሲጠይቅ ሽቱትጋርት የተሠራውን ይሁን ስፕሪንግፊልድ የተሠራውን ለመለየት ይቸገር ነበር። ጥፋት ሲገኝ ማን ይጠየቃል፥ መለዋወጫስ ከማን ይገዛል የሚለው ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ስሙ ለሁለት ሲከፈል የገዢው እምነትም ለሁለት ተከፈለ።

እንደ አጋጣሚ ሆኖ እስከ ዛሬ በቦሽ ዕቃ ላይ የምናየው ምልክት፥ ማለት በክብ ውስጥ ያለው የማግኔቶ እምብርት ሥዕል፥ የተፈለሰፈው በዚያው በ1918 ዓ.ም. ነው። የሣለውም ያው የካንዴላው መሐንዲስ ሆኖልድ ነበር።

ሞተሩ ወደ እጀታው ገባ

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን ለቦሽ ቀላል አልነበረም። አንድ ልጁ ሮበርት በረጅም ሕመም ተሠቃይቶ በ1921 ዓ.ም. ሞተ፤ አባትየው ሥራውን ያወርሰዋል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ልጅ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጀርመን የአውቶሞቢል ንግድ ሲወድቅ በአውቶሞቢል ዕቃ ብቻ የሚኖር ፋብሪካ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑ ታወቀ። በ1927 ዓ.ም. ለናፍጣ ሞተር የሚሆነውን ፖምፓ በብዛት መሥራት ቢጀምርም፥ ከአውቶሞቢል ውጭ የሆነ ሥራ መፈለግ ግድ ሆነ።

የኤሌክትሪክ መሣሪያ ታሪክ የሚገናኘን እዚህ ላይ ነው። መነሻውም የሚያስገርም ነው፤ የጠጉር መቁረጫ ቶንዶስ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ቦሽ ፎርፌክስ የተባለ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቶንዶስ አወጣ። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መሣሪያዎች ሞተሩ ለብቻው ተቀምጦ ኀይሉ በሚተጣጠፍ ዘንግ ወደ እጅ ይመጣ ነበር። ይህም ከባድና ለእጅ የማይመች ነበር። በፎርፌክስ ግን ትንሹ ሞተር ራሱ በእጀታው ውስጥ ገባ። መሐንዲሶቹም በቶንዶሱ ጫፍ ፈንታ ሌላ መሣሪያ ቢገጠም በዚሁ ሞተር መብሳትም ብሎን ማጥበቅም እንደሚቻል ለመገንዘብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ እየመታ የሚበሳው የቦሽ መዶሻ ወጣ፤ ግንበኛና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመሮና በመዶሻ ረጅም ሰዓት ይፈጅባቸው የነበረውን የግድግዳ ቀዳዳ በጥቂት ደቂቃ ያወጡ ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ የለበትም። የራሱ ስም በመሸጡ የተጐዳው ቦሽ እርሱም የሌሎችን ስም የሚገዛ ነጋዴ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ዕዳ የጠናበትን የሁጎ ዩንከርስን የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ፋብሪካ ገዛ። በሚቀጥለውም ዓመት ኋላ ብላውፑንክት በሚለው ስሙ የታወቀውን የራዲዮ ፋብሪካ ጠቀለለ። የዩንከርስን ስም ግን አልፋቀውም፤ ማሞቂያው በቀድሞው ስሙ እየተሠራ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ቦሽ የኩባንያ መሸጥና መገዛት ሁሉ ክፉ ነው የሚል ሰው አልነበረም። የሚያሳስበው ከግዢው በኋላ ዕቃው በስሙ ልክ ይገኛል ወይስ አይገኝም የሚለው ነገር ነበር።

የጨለማው ዘመን

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ናዚዎች ጀርመንን ሲይዙ የቦሽ ሕይወት በሁለት ተከፈለ። በአንድ በኩል ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ዕቃ እየሠራ ሰፋ። በጦርነቱም ዘመን ወደ 20,000 የሚሆኑ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞች፥ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ሰፈር እስረኞች እንዲሠሩበት ተደረገ። ይህ በኩባንያው ታሪክ ላይ የማይፋቅ ጥቁር ነጥብ ነው። በሌላ በኩል ሽማግሌው ቦሽና የቅርብ ረዳቶቹ በስውር አገዛዙን ይቃወሙ ነበር። የላይፕሲግ ከተማ ከንቲባ የነበረውን ካርል ጎርደለርን በ1937 ዓ.ም. በአማካሪነት ስም ቀጥረው ለተቃውሞ ሥራው መሸፈኛ ሰጡት፤ ጎርደለር ኋላ በሂትለር ላይ በተደረገው ሤራ ተይዞ በ1945 ዓ.ም. ተገደለ። የቦሽ ተተኪ የሆነው ሐንስ ቫልስም አይሁድን በገንዘብ በመርዳቱ በ1969 ዓ.ም. ከእስራኤሉ ያድ ቫሼም የክብር ስም አግኝቷል።

ሮበርት ቦሽ ማርች 12 ቀን 1942 ዓ.ም. በተወለደ በ80 ዓመቱ በሽቱትጋርት ዐረፈ። ናዚዎች በጠላቸው ሰው አስከሬን ላይ በመንግሥት ሥርዓት የቀብር ክብር አደረጉለት፤ እርሱ በሕይወት ቢጠየቅ ኖሮ የሚቀበለው ክብር አልነበረም።

ኑዛዜው

በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ በ1917 ዓ.ም. ኩባንያው ወደ አክሲዮን ማኅበርነት ተለውጦ ነበር። በ1937 ዓ.ም. ግን ቦሽ መልሶ ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አደረገው። ይህ የሕግ ለውጥ ለሰሚው ደረቅ ቢመስልም ውጤቱ ትልቅ ነው። የአክሲዮን ማኅበር ድርሻ በገበያ የሚዞር ከሆነ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ጥቂት በጥቂት እየለቀመ አንድ ቀን ባለቤት ሆኖ ይገኛል። በግል ማኅበር ግን ድርሻው በገበያ ስለማይዞር የሌላ ሰው እጅ በቀላሉ አይገባበትም።

በ1938 ዓ.ም. ባጸናው ኑዛዜ ደግሞ ከሞቱ በኋላ ኩባንያው ነጻነቱን ጠብቆ እንዲኖር፥ ትርፉም ከሥራው ማስፋፊያ አልፎ ለሕክምና፥ ለትምህርትና ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል አዘዘ። ለዚህም የሚተጉ አስፈጻሚዎች ሾመ። እነርሱም የነገሩን አካሄድ ካጠኑ በኋላ በ1964 ዓ.ም. አብዛኛው ድርሻ ከወራሾቹ ተገዝቶ፥ ኋላ የሮበርት ቦሽ ፋውንዴሽን ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ተላለፈ። ዛሬ ከኩባንያው ድርሻ 94 ከመቶ ያህሉ የዚህ ድርጅት ነው። ብልሃቱም ይህ ነው፤ ድርሻውን የያዘው በጎ አድራጊ ድርጅት በኩባንያው ሥራ ላይ ድምፅ አይሰጥም፥ ድምፁን የያዘው የባለአደራዎች ማኅበር ደግሞ ትርፍ አይካፈልም። ድርሻውን መሸጥ የሚችለው ወገንና ሥራውን የሚመራው ወገን አንድ ስላልሆኑ፥ ለገንዘብ ሲል ስሙን ወደ ገበያ የሚያወጣ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

የተሸጡ ስሞች ዕጣ

ቦሽ የፈራው ነገር ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን ለማየት የሌሎቹን የእንጨት ሥራ መሣሪያ ስሞች ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ሬይመንድ ዴዋልት የተባለ አሜሪካዊ በ1922 ዓ.ም. ከጠረጴዛ በላይ በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ እየተሳበ የሚቈርጠውን ክብ መጋዝ ፈለሰፈ፤ ቀጥሎም በፔንሲልቫኒያ ፋብሪካ አቋቋመ። ፋብሪካው በ1949 ዓ.ም. ለአንድ ትልቅ የመኪና ሥራ ኩባንያ፥ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ለብላክ ኤንድ ዴከር ተሸጠ። ዴዋልት በ1961 ዓ.ም. ሞተ። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ቈይቶ በ1992 ዓ.ም. ብላክ ኤንድ ዴከር ስሙን በቢጫ ቀለም አድሶ ለሙያተኞች በሚሸጡ መብሻዎችና መጋዞች ላይ ለጠፈው። ምክንያቱም ሙያተኛው ብላክ ኤንድ ዴከር የሚለውን ስም ከቤት ውስጥ ትርፍ ሥራ ጋር ስለሚያገናኘው ነበር። ዴዋልት በሕይወቱ ያላያቸው መሣሪያዎች በስሙ ዓለምን ሞሉ። መሣሪያዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ሙያተኛውም ተቀበላቸው። ነገር ግን በስሙና በሰውየው መካከል የቀረው ግንኙነት የፊደሉ ብቻ ነው።

ፖርተር ኬብል የተባለው በ1906 ዓ.ም. በሲራኩዝ ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ፥ በእጅ ተይዞ በቀበቶ የሚያለሰልሰውን መሣሪያ በ1926 ዓ.ም. በማውጣት አናጢውን ብዙ ድካም አሳረፈው። በ1960 ዓ.ም. ሮክዌል ገዛውና ስሙ ቀስ በቀስ በሮክዌል ስም ተተካ። በ1981 ዓ.ም. ፔንቴር የተባለ ሌላ ኩባንያ ሲገዛው ደግሞ፥ አናጢዎች የሚያምኑት የፊተኛውን ስም መሆኑን ስላወቀ መልሶ አነሣው። በ2004 ዓ.ም. ከዴልታ መኪናዎች ጋር ለብላክ ኤንድ ዴከር ተሸጠ። ዴልታም ብቻውን ተነጥሎ በ2011 ዓ.ም. ለታይዋን ኩባንያ ተሸጠ።

ይህ ሁሉ መዘዋወር ለአናጢው ምን አደረገለት ቢባል፥ መልሱ ሁለት ወገን አለው። አዲስ ባለቤት አዲስ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ የደከመ ስም ሊነሣ ይችላል። በ2005 ዓ.ም. በሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ኢንዳስትሪስ የተገዛው ሚልዋኪ በባትሪ በሚሠሩ መሣሪያዎች ከፊተኞቹ ተራ መሰለፉ ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ጉዳቱም የታወቀ ነው። መላጊያውን ወይም መጋዙን ከ20 ዓመት በፊት የገዛ ሰው የሞተር ካርቦን፥ ኩሽኔታ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጎ ሲሄድ፥ ስሙን የገዛው ኩባንያ የአሮጌውን መሣሪያ መለዋወጫ መሥራት ትቶ ሊያገኘው ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የአንዱ ባትሪ ለሌላው ስለማይገጥም፥ የባትሪው ዐይነት ሲለወጥ ደህና የነበረው መሣሪያ ሁሉ አብሮ ከሥራ ይወጣል። ከዚህም በላይ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ዴዋልት፥ ፖርተር ኬብል፥ ክራፍትስማንና ብላክ ኤንድ ዴከር ጎን ለጎን ተደርድረው ሲያይ አራት ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ያሉ ይመስለዋል፤ ክራፍትስማን በ2017 ዓ.ም. ከተገዛ ወዲህ ግን የአራቱም ስም ጌታ ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው አንድ ኩባንያ ሆነ።

የቦሽ ኩባንያ ራሱ ከዚህ ገበያ ንጹሕ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዞሎቱርን ከተማ የሚገኘውን የሲንቲላን አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። የሲንቲላ መሐንዲስ አልበርት ካውፍማን በ1946 ዓ.ም. ከሚስቱ የስፌት መኪና መርፌውን አውጥቶ በምትኩ ቀጭን የመጋዝ ምላጭ በመትከል እንጨትን በጠመዝማዛ መስመር መቍረጥ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ይኸው መሣሪያ በሚቀጥለው ዓመት ሌስቶ ተብሎ ለገበያ ወጣ። ከግዢው በኋላ በቦሽ ሰፊ ንግድ አማካይነት ይህ መጋዝ በዓለም አናጢ ሁሉ እጅ ገባ፤ ይህ መልካም ግዢ የሚባለው ነው።

ሌላው ግዢ ግን እንዲህ አላማረም። ኤድመንድ ሚሼል በ1924 ዓ.ም. ለቤት ሠሪዎች በእጅ የሚያዘውን ክብ መጋዝ በአሜሪካ አውጥቶ ስኪል የተባለው ስም ተወለደ። ስኪል በ1979 ዓ.ም. ወደ ኤመርሰን፥ በ1990ዎቹም ወደ ቦሽ እጅ ገባ። ቦሽ ግን በአሜሪካ የራሱን ስም ለሙያተኛ ሲያቀርብ፥ ስኪልን ለቤት ተጠቃሚ በሚሆን ርካሽ ዕቃ ላይ እየበዛ አዋለው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለቻይናው ቸርቮን ሸጠው። የሮበርት ቦሽ ኑዛዜ የጠበቀው የገዛ ራሱን ስም ነው፤ የሚሼልን ስም የሚጠብቅ ኑዛዜ አልነበረም።

ደግሞም ባለቤት አለመለወጡ ብቻውን ሁሉን አይጠብቅም። ቦሽ የሚለውን ስም የያዙ መሣሪያዎች ዛሬ በቻይና በሐንግዡ፥ በማሌዢያ በፔናንግና በሃንጋሪ በሚሽኮልትስ ጭምር ይሠራሉ። የሚሠሩበት አገር ተለውጧል፤ ለስሙ የሚጠየቀው ወገን ግን አልተለወጠም። ዕቃው ሲበላሽ ገዢው ደብዳቤ የሚጽፍለት ኩባንያ በ1886 ዓ.ም. በሽቱትጋርት የሥራ ቤት የተጀመረው ያው ኩባንያ ነው። የኑዛዜው ፍሬ ይህ ነው፤ ከዚህም በላይ ተስፋ ማድረግ ከአንድ ወረቀት ብዙ መጠበቅ ይሆናል።

ስለ ስም የተገኘ ትምህርት

ሮበርት ቦሽ ከድሃ ቤት አልተወለደም፤ ጻድቅም አልነበረም። ቍጡና ለሥራው ጨካኝ እንደ ነበር አብረውት የሠሩት ይመሰክራሉ፤ ኩባንያውም በጦርነት ዘመን ያደረገው ነገር በታሪክ ሚዛን ላይ ይኖራል። ነገር ግን አንድ ነገር ከዘመኑ ባለፋብሪካዎች ቀድሞ ተረድቶ ነበር። በዕቃ ላይ የሚጻፍ ስም ጌጥ አይደለም፤ ለማያውቀው ገዢ የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑን የሰጠው ሰው ሲሞት የሚጠብቀው ወገን ካልተዘጋጀ፥ ስሙ ባዶ ቤት ሆኖ ለሚከራየው ሁሉ ይከፈታል።

ስለዚህ በላቡ የሚኖረው አናጢ መሣሪያ ሲገዛ የስሙን ጥንታዊነት ብቻ አይመልከት። ስሙን ዛሬ የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ መለዋወጫው በአገሩ የሚገኝ መሆኑን፥ ባትሪው ከዓመታት በኋላም የሚገዛ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ይጠይቅ። ለዴዋልትና ለሚሼል ስም የሚሟገት ወራሽ በገበያው ውስጥ አልቀረም። ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት በትክክል የሚጠይቅ ገዢ ግን ምንጊዜም ቢሆን ነጋዴው ችላ የማይለው ሰው ነው።